መኪና የማያልፍበት የወንዝ ዳር መንገድ

በሚኒያፖሊስ የከተማ አውቶቡስ መንዳት በጀመርኩ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ሳይክል የምትነዳ አንዲት ወጣት ከአውቶቡሴ ጎን ወደቀች። ወሩ ኅዳር ነበር። የመጀመሪያው በረዶ ጥሎ፣ ቀልጦ፣ ማታውን እንደገና መስታወት ሆኖ ነበር። ስትወድቅ ድምፁን ሰማሁት። ትልቅ ድምፅ አልነበረም፤ ሰው የአስቤዛ ከረጢት መሬት ላይ ሲጥል የሚሰማው ዓይነት ነው። ፍሬን ይዤ፣ በሩን ከፍቼ ወረድኩ። የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቶ እያለ የምታጽናናው እሷ እኔን ነበር። "አይም ኦኬ፣ አይም ኦኬ" ትለኛለች።

የአውቶቡሱ ካሜራ ታየ። ጎማዋ በረዶ ላይ እንደተንሸራተተና እኔ የሚገባውን ርቀት ጠብቄ እንደነበር ተጻፈ። ሱፐርቫይዘሬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ጥፋት የለብህም፣ ፋይሉ ተዘግቷል" አለኝ። በሳምንቱ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳይክል በስፖኪዮ በታየኝ ቁጥር እጄን ያልበኝ ጀመር። መሪውን ለመያዝ መዳፌን ሱሪዬ ላይ የምጠርግበት ቀን ብዙ ነበር። ካሜራው ያላየውን አንድ ነገር ደግሞ እኔ አውቅ ነበር። ያንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም ጭምር።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ከምንኖርበት ከክሪስታል ተነሥታ ዉድበሪ ወደምትባለው ከተማ ድረስ እየነዳች፣ በየቤታቸው የሚታከሙ አረጋውያንን ትንከባከባለች። የስኳር ሕመም ስላለባት ኢንሱሊን ትወስዳለች። ሐኪሟ "ተንቀሳቀሺ" ካላት ጀምሮ ሳይክል ገዝታ ትነዳለች፤ እኔ ግን ያንን ሳይክል ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ማየት እንኳ ያስጨንቀኝ ነበር። አፕል ቫሊ የምትኖረው ልጃችን የምስጢሩን ግማሽ ታውቃለች፤ አደጋውን ታውቃለች፣ የእጄን ማላብ ግን አታውቅም። የተጋባንበትን ሠላሳኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ስልኳን ዘረጋችልን። ፈረንሳይ ውስጥ ማየን በሚባል ወንዝ ዳር ለእግረኛና ለሳይክል ብቻ የተተወ መንገድ ነበር።

"ዳዲ፣ ሲሪየስሊ፣ አንድም መኪና የለም። ኖ ካርስ! ወንዙን ይዛችሁ መሄድ ብቻ ነው።"

"እኔ ሳይክል አልነዳም" አልኳት።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። "አንተን የሚያስፈራህ መኪናና ሳይክል አንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ነው። መኪና በሌለበት ምን ትፈራለህ?"

ጉዞው በዚያው ተቆረጠ።

በጋውን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚኒያፖሊስ ወደ ምዕራብ በሚወስደው፣ ድሮ የባቡር ሐዲድ በነበረ መንገድ ላይ ተለማመድን። ልጅ ሆኜ ነድቼ ስለማውቅ እግሬ ቶሎ አስታወሰ። አንድ ችግር ግን ነበረብኝ፦ ሁልጊዜ ከፊት መሆን አለብኝ። ባለቤቴ ከፊቴ ከሆነች የኋላ ጎማዋ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ባለ ቁጥር ወደቀች ብዬ እደነግጣለሁ። ከፊት ስሆን ግን አላያትም፤ ካላየኋት ደግሞ አትወድቅም። እንዲህ ተብሎ ሲነገር የሕፃን ሐሳብ ይመስላል፤ ያኔ ግን እንዲያ ነበርኩ።

"ምን ያስቸኩልሃል? አብረን ነው የመጣነው" ትለኛለች።

"ፍጥነቴ እንዲህ ሆኖብኝ ነው" እላታለሁ።

መስከረም ላይ ሄድን። ከፓሪስ ላቫል ወደምትባል ከተማ በባቡር ደርሰን ሳይክል ተከራየን። ልጃችን እውነቷን ነበር። መንገዱ ጠጠር የፈሰሰበት፣ ሁለት ሳይክል ጎን ለጎን የሚያስኬድ ነው። በአንድ በኩል ቀስ ብሎ የሚሄድ ቡናማ ውኃ፣ በሌላ በኩል ረጃጅም ዛፎችና ላሞች የሚግጡበት መስክ አለ። ወንዙ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ተገድቦ ጀልባ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ የውኃ በር ተሠርቶለታል። ከየበሩ አጠገብ ድሮ የበሩ ጠባቂ ይኖርበት የነበረ ትንሽ ቤት ቆሟል። ከዚያ ውጭ ምንም የለም። ሞተር አይሰማም፣ ጥሩምባ አይሰማም። ለእኔ ለሾፌሩ ይህ ዕረፍት መሆን ነበረበት። ጸጥታው ግን ጆሮዬን አቆመው። የጠጠሩን ድምፅ እየሰማሁ ከኋላዬ የሚወድቅ ነገር እጠብቃለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚያ ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ፤ ማታ ማታ መንጋጋዬን ያመኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ሰኞ ነበር። ጠዋት ተጣላን።

"ትላንት ስንት ጊዜ ዞር ብለህ አየኸኝ?" አለችኝ ሄልሜቷን እያሰረች።

"አልቆጠርኩም።"

"እኔ ቆጥሬያለሁ። አንድም ጊዜ አላየኸኝም። ፈረንሳይ ድረስ የመጣሁት ጀርባህን ልመለከት ነው?"

ሳይክሌ ላይ ወጥቼ መንዳት ጀመርኩ። እኩለ ቀን ሲቃረብ መንገዱ ዳር የምግብ ቤት ምልክት አየን፤ መንደሩ ቅርብ ነው ይላል። ባለቤቴ ሁልጊዜ ከምሳ በፊት እንደምታደርገው ቆም ብላ ኢንሱሊኗን ተወጋች። መንደሩ ስንደርስ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ሱቁም ዝግ ነው። ሰኞ በዚያ አገር ገጠር እንዲያ መሆኑን አናውቅም ነበር። ሁልጊዜ የምትይዘውን የስኳር ከረሜላ ከትላንት በስቲያ ወደ ማደሪያችን በሚወጣ ዳገት ላይ ጨርሳዋለች፤ ትላንት እሑድ ስለነበር አልገዛንም። ቦርሳዬ ውስጥ ግማሽ ደረቅ ዳቦ ነበር። ሰጠኋትና ትንሽ ቆረሰች።

"ይበቃሻል?"

"የሚቀጥለው መንደር ሩቅ አይደለም። እደርሳለሁ።" እኔን ሳይሆን ወንዙን እያየች ነበር የተናገረችው።

"እንግዲያው እኔ ቀድሜ ልሂድና የሚበላ ነገር ልፈልግ" አልኩ።

ይህንን ብዙ ጊዜ መልሼ አስቤዋለሁ። ሐሳቡ በራሱ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን የተናገርኩት ስለ ምግቡ አልነበረም፤ ከፊት ለመሆን ምክንያት ስላገኘሁ ነበር።

"ሂድ" አለችኝ።

ነዳሁ። የሚቀጥለው የውኃ በር ጋ ስደርስ ሆዴ አልቆርጥ ስላለ ሳይክሌን ግንብ ላይ አስደግፌ ጠበቅኩ። ከግድቡ ላይ የሚወርደው ውኃ ይሰማል። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ሾፌር ነኝና ደቂቃ አውቃለሁ። ስምንት ሆነ። በመጣሁበት በኩል መንገዱ ቀጥ ብሎ ሩቅ ድረስ ይታያል፤ ማንም የለም። አሥር ሲሆን ተመለስኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ሳይክሏን ነው። መንገዱ ላይ ተጋድሟል፤ የፊት ጎማው መዞር አቁሟል። ሄልሜቷ ሳሩ ላይ ወድቋል። እሷ የለችም።

ስሟን ጠራሁ፤ ያ ሁሉ ጸጥታ ስሟን ዋጠው። ወደ ውኃው አየሁ። ውኃው ምንም አይናገርም። ከዚያ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ወንዙ አፋፍ ላይ፣ እግሯን ወደ ውኃው አንጠልጥላ ተቀምጣ አየኋት። ልብሷ በላብ ርሷል።

"ምን ሆነሻል? ነይ ከዚህ!"

ዞር ብላ እንደማያውቀኝ ሰው አየችኝ። "አውቶቡሱ መጣ?" አለችኝ።

ስኳሯ እንደወረደ ገባኝ። ከዚህ በፊት ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ደርሶባታል። ቤት ውስጥ ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ ጭማቂ አለ። ክንዷን ስይዛት "አትንካኝ! ሂድ!" ብላ ገፋችኝ። ጉልበቷ የእሷ አይመስልም። ወደ ውኃው ዘመም ስትል በብብቷ ይዤ፣ እየተራገጠች፣ እየመታችኝ መንገዱን አሻግሬ መስኩ አጥር ሥር ጎተትኳት። እዚያ እንደደረስን መምታቷን አቆመች። ያ ከመምታቷ በላይ አስፈራኝ። ዓይኗ ክፍት ነው፤ የምታየው ግን እኔን አይደለም።

የድንገተኛውን ቁጥር ደወልኩ። እንግሊዝኛ ከምትችል ሴት ጋር አገናኙኝ።

"የት ነው ያላችሁት?"

"ወንዙ ዳር።"

"በየትኛው በኩል? መንገዱ ማን ይባላል?"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሬዲዮ ላይ "የት ነህ?" ስባል መንገዱንና አቋራጩን ሳላስብ ነው የምመልሰው። እዚህ መንገዱ ስም የለው፣ አቋራጭ የለው። የወደድንለት ነገር ይኸው ነበር። ምግብ ቤቱ የተዘጋበትን መንደር ስም መጥራት ስላልቻልኩ ፊደል በፊደል ነገርኳት። አምቡላንስ እንደሚመጣ፣ ግን መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እንደሚቆይ ነገረችኝ። "መዋጥ ከቻለች ስኳር ያለበት ነገር ስጣት" አለችኝ። ስኳር ያለበት ነገር የለኝም። ያለኝ ደረቅ ዳቦ ነው፤ ያንን ብሰጣት ደግሞ ያንቃታል።

የውኃ በሩ ጋ ያለው ቤት መስኮቱ ክፍት እንደነበር ትዝ አለኝ። ጥያት ልሂድ? ተነሥታ ወደ ውኃው ብትሄድስ? በጎኗ አስተኛኋት፣ ጃኬቴን ከራሷ ሥር አደረግኩ፣ ሁለቱን ሳይክሎች በእሷና በወንዙ መካከል ለማጋደም የሷን ሳይክል አነሣሁና የእኔ እንደሚያስፈልገኝ ያን ጊዜ አስታወስኩ። ጭንቅላቴ እንዲህ ነበር የሚሠራው። "ጌታ ሆይ፣ ያዛት። ጌታ ሆይ፣ ያዛት" እያልኩ ነዳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም።

ከቤቱ ጓሮ አንዲት ሴት ባቄላ ትለቅማለች። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ነጠላ ጫማ ያደረገች ናት፤ ጸጉሯ እንደ ወንድ ያጠረ ነው። ከሳይክሌ ሳልወርድ እንግሊዝኛ ተናገርኩ፤ አልገባትም። በእጄ አሳየኋት፣ ወደ መንገዱ ጠቆምኩ፤ አልገባትም። እንግሊዝኛዬም ጠፋኝ፤ በአፌ የመጣው የእናቴ ቋንቋ ነበር።

"ስኳር!" ብዬ ጮህኩ። "ስኳር! ስኳር!"

"ሲክር?" አለች። ፊቷ ተለወጠ። "ዲያቤት?"

"አዎ! አዎ! ዲያቤት!"

ቅርጫቷን እዚያው ጥላ ገባች፣ ቀይ ሽሮፕ ያለበት ጠርሙስና ማንኪያ ይዛ ወጣች። እጄን ዘርግቼ ልቀበላት ስል አልሰጠችኝም። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አሮጌ ሳይክል ነበራት። ጠርሙሱን ከፊት ቅርጫቱ ውስጥ ወርውራ፣ በነጠላ ጫማዋ ፔዳሉን ረግጣ ከእኔ በፊት ወጣች። እኔ ተከተልኳት።

ባለቤቴ እንደተውኳት ነበረች። አሮጊቷ መሬት ላይ ተቀምጣ የባለቤቴን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ጣቷን በሽሮፑ እየነከረች የባለቤቴን ድድና የጉንጯን ውስጥ ትቀባ ጀመር። በትንሽ በትንሹ፣ እንዳያንቃት። ሳታቋርጥ በፈረንሳይኛ ታወራለች። እኔም ሳላቋርጥ በአማርኛ እመልስላታለሁ፦ "አዎ እናቴ፣ እንደሱ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ እናቴ።" አንዳችንም የሌላውን አንሰማም፤ አንዳችንም ዝም አላልንም።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ደቂቃ አልቆጠርኩም። የባለቤቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ላሰች። ከዚያ አሮጊቷ በማንኪያ ሰጠቻት፤ ዋጠች። ደግማ ዋጠች። ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ራሷ ተመለሰ። ከላይዋ ያለውን የማታውቀውን ፊት ዝም ብላ አየችና፦

"ይቺ ማናት?" አለችኝ።

ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሮጊቷ ጠርሙሱን ሰጠችኝና እንድጠጣ በእጇ ምልክት አሳየችኝ። ጠጣሁ።

አምቡላንሱ ሰማያዊ መብራቱን እያበራ፣ ያለ ጩኸት፣ በዝግታ በሳይክል መንገዱ መጣ። በሦስት ቀን ውስጥ በወንዙ ዳር ያየነው የመጀመሪያ መኪና ነው። ሳይክሎቻችንን መስኩ አጥር ላይ አስሬ አብሬያት ገባሁ። ላቫል ሆስፒታል ወስደው ምግብ ሰጧት፣ እስኪመሽ ድረስ በየሰዓቱ ስኳሯን ለኩ። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጃችን ደውላ "ካም ሆም፣ ፕሊስ፣ ሁለታችሁም ኑ" ብላ አለቀሰች። ባለቤቴ አረጋጋቻትና ስልኩን ዘጋች።

"ምግቡን ሳላይ መወጋት አልነበረብኝም" አለች። "ነርስ ሆኜ። ለሌላ ሰው የምመክረው እኮ ነው።"

"ቀድሜሽ መሄድ አልነበረብኝም።"

"ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምትቀድመኝ? ዛሬ ንገረኝ።"

ነገርኳት። በኅዳር ያን ቀን አራት ደቂቃ ዘግይቼ ነበር። ከመሪው አጠገብ ያለው ስክሪን ሾፌሩ ስንት ደቂቃ እንደዘገየ በቀይ ቁጥር ያሳያል። ሳይክል የምትነዳዋን ልጅ አስቀድሜ በስፖኪዮ አይቻታለሁ። ከዚያ ቁጥሩን አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ አይቼ፣ በልቤ አስልቼ፣ ደግሜ አየሁ። ቀና ስል ድምፁ ተሰማ። ካሜራው መንገዱንና ልጅቷን ነው ያየው፤ የኔን ዓይን አላየም። ዓይኔ እሷ ላይ ቢሆን ስትንገዳገድ አይቼ ፍጥነቴን እቀንስ ነበር? ምናልባት። ምናልባትም አይ። ሲጠይቁኝ ግን "ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር" ብዬ ፈርሜያለሁ።

ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። አላጽናናችኝም።

"አሥር ወር" አለች። "አሥር ወር ሙሉ ከጎኔ ተኝተህ። አንድ ማዕድ እየበላን።"

"አፍሬ ነው።"

"ማፈርህን አልጠላሁም። እኔን ከኋላ ትተህ ማፈርህን ነው የጠላሁት።" ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ብዙ ቆይታ፣ አሁንም ፊቷን ሳታዞር፣ "ጉዞውን እንጨርሰዋለን። ከነገ ጀምሮ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ" አለች።

በማግስቱ አልተሳካም፤ ሐኪሙ አንድ ቀን እንድታርፍ አዘዘ። ረቡዕ ዕለት ወደ ሳይክሎቻችን ተመልሰን በእያንዳንዳችን ቦርሳ ውስጥ ጭማቂ፣ ቴምርና ከረሜላ ጭነን ተነሣን። በአሮጊቷ ቤት በኩል ስናልፍ የኬክ ካርቶን ይዘን በሯን አንኳኳን። አልነበረችም። ካርቶኑን መስኮቱ ላይ አስቀመጥንላት። ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም ነበር።

ከዚያ ባለቤቴ ቀደመች፣ እኔ ተከተልኩ። ቀላል ነበር ብል እዋሻለሁ። የመጀመሪያውን ሰዓት ትንፋሼን ይዤ ነው የነዳሁት። ጎማዋ ጠጠር ነክቶ ባፈነገጠ ቁጥር ሁለቱንም ፍሬን እይዛለሁ። አንድ ድልድይ ሥር መንገዱ ጠቦ እርጥብ ነበር፤ የኋላ ጎማዋ ሸርተት ሲል ጮህኩ። እግሯን መሬት ላይ አድርጋ ቆመች፣ ዞረች።

"አየኸኝ?"

"አየሁሽ።"

"አልወደቅኩም።"

"አየሁ።"

ቀጠለች። ሁለት ቀን ሙሉ ጀርባዋን እያየሁ ነዳሁ፤ ቢጫ ጃኬቷን፣ ዳገት ላይ ትከሻዋ ሲወዛወዝ፣ ቆማ ከቦርሳዋ ቴምር አውጥታ ስትበላ። ፍርሃቱ አልጠፋም። ግን ፈርቼም ቢሆን ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሣሁም።

ሚኒሶታ በተመለስን በሦስተኛው ቀን ወደ ሱፐርቫይዘሬ ቢሮ ገባሁ። ከሺፍቴ በፊት ነበር፤ ዩኒፎርሜን ለብሻለሁ። ስለ ኅዳሩ አደጋ ያልተናገርኩት ነገር እንዳለ ነገርኩት።

"ያ ፋይል ተዘግቷል እኮ" አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ሊረዳኝ ነበር የፈለገው። "የምትለውን ካልክ በኋላ መልሼ ልውጠው አልችልም። ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል።"

"እርግጠኛ ነህ?"

እጄን አየሁት። ያልበኛል። "ጻፍ" አልኩት።

ጻፈ። እኔ ስናገር ሁለት ጊዜ አቆመኝና "ቀስ በል" አለኝ። ለሦስት ሳምንት ከመሪ አነሡኝ፤ እንደ አዲስ ሾፌር እንደገና ሥልጠና ተቀመጥኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፋይሌ ውስጥ ገባ። በኅዳር የወደቀችው ልጅ ማወቅ አለባት ብዬ ስጠይቅ በቀጥታ እንዳላገኛት ተከለከልኩ፤ የምለው ካለ በመሥሪያ ቤቱ በኩል እንድጽፍ ተነገረኝ። ከባለቤቴ ጋር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አንድ ገጽ ጻፍን። እንግሊዝኛውን እሷ አስተካከለች፣ "ምናልባት" የሚለውን ቃል ሦስት ቦታ ሰረዘችብኝ፣ አንዱን ተወችልኝ።

ደብዳቤው እንደተላከ ነግረውኛል። መልስ አልመጣም። እንዲመጣም የምጠብቅ አይመስለኝም። አሁን በሌላ መስመር፣ በሴንት ፖል በኩል እነዳለሁ። ስዘገይ ቁጥሩ አሁንም ቀይ ይሆናል፤ እኔ ግን ስፖኪዮውን አያለሁ።